ልጅ ያልተሸከመ ደም

ወዳጆቼ፣ እጃችሁ ሥራ ካልያዘ ቁጭ በሉና አንድ ነገር ላጫውታችሁ። የአሳማ ነገር ነው። ፊታችሁን አታዙሩ እንጂ፤ እትዬ ልኬም ሲጀመር እንደናንተው ነበሩ።

እትዬ ልኬ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን ሜትር ሳያወጡ፣ ሰው ከበር ሲገባ በዓይናቸው ለክተው "አንቺ ወገብሽ ጨምሯል፣ ትንሽ ላስፋልሽ" ስለሚሉ ሰፈሩ ይህን ስም አወጣላቸው። ባላቸው የሞቱባቸው ልጆቹ ገና ጥርስ ሳይለውጡ ነው። አራቱን ልጆች በእግር በምትረገጥ አንዲት የስፌት መኪና አሳደጓቸው። አሳደጓቸው ሲባል ግን ብቻቸውን አይደለም። ታናሽ እህት አለቻቸው፤ አግብታ ነበር፣ አልወለደችም፣ ትዳሩም በዚሁ ፈረሰ። እትዬ ልኬ መኪናቸው ላይ ሲያጎነብሱ ልጆቹን ያጠበች፣ ያበላች፣ ትምህርት ቤት ያደረሰች፣ ሲያጠፉም ጆሮ የቆነጠጠች እሷ ናት። ልጆቹ ትንሿ እማ ይሏታል፤ እኛም እንደዚያው እንበላት።

የእትዬ ልኬን ኩላሊት የበላው ደም ግፊት ነው። ድምፁን አጥፍቶ ውስጥ ውስጡን ሲበላ ኖሮ፣ ሲነቁበት ሁለቱም አልቀዋል። ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው በእጥበት ሆነ። ደማቸው በቀጭን ቱቦ ይወጣል፣ በማሽን ይጣራል፣ ይመለሳል፤ እሳቸው ደግሞ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ሆነው ቤታቸው ይገባሉ። ልጆቹ አላመነቱም። "የኔን፣ የኔን" ሲባባሉ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸው። ትንሿ እማም እጅጌዋን ሰብስባ ቀርባ ነበር፤ ስኳር ስላለባት ሐኪሞቹ ገና ከበሩ መለሷት። ልጆቹ አንድ በአንድ ተመረመሩ፤ የአንዳቸውም አልሆነም። ምክንያቱን የነገራቸው ሐኪም የቸኮለ ሰው ነበርና "የእርስዎ ደም የልጆችዎን አካል ይዋጋል" ብሎ ወደሚቀጥለው በሽተኛ አለፈ።

እትዬ ልኬ ይቺን ቃል ዋጧት። ለእህታቸው እንኳ አልተነፈሱም። ጸሎት ላይ ሲሆኑ ብቻ "ጌታዬ፣ ምን በድዬህ ነው ደሜ በልጆቼ ላይ የተነሣው" ይላሉ። እናት የሆነ ሰው ይህ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ልጅ ቢያጠፋ ይመከራል፤ ደም በምን ይመከራል?

አንድ ቀን ከእጥበት ወጥተው፣ የሆስፒታሉ አሳንሰር ተበላሽቶ፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ቀስ እያሉ ሲወርዱ የሟች ወንድማቸው ልጅ ሽቅብ ስትወጣ ተገጣጠሙ። ነጭ ጋውን ለብሳለች፤ ክዳን ያለው የበረዶ ሣጥን በሁለት እጇ ታቅፋለች። እዚያ እንደምትሠራ ያውቃሉ፤ ምን እንደምትሠራ ግን ጠይቀዋት አያውቁም። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲጠይቃቸው "ላቦራቶሪ ናት፣ ሽንት ታያለች" ነበር መልሳቸው።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው፣ መስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ሣጥኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። ስለ ጤናቸው ጠየቀች፣ ስለ እናቷ ጠየቋት፤ ዓይናቸው ግን ከሣጥኑ ላይ አልነሣ አለ።

"ምንድነው እንዲህ እንደ አራስ ልጅ የታቀፍሽው?" አሉ።

"ደም ነው አክስቴ።"

"የማን?"

ልጅቷ ትንሽ አመነታች። "የአሳማ።"

እትዬ ልኬ ቀሚሳቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ። "ሽንቱ ይሻል ነበር" አሉ።

ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ ግን የንቀት አልነበረም፤ እናም አስረዳቻቸው። ኩላሊቱ ያለቀበት ሰው ብዙ ነው፣ የሚሰጥ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሐኪሞች የአሳማ ኩላሊት ለሰው መትከል ይቻል እንደሆነ በጥንቃቄ እየሞከሩ ነው። አሳማዎቹ እንደ መንገድ ዳር አሳማ ቆሻሻ የሚቆፍሩ አይደሉም፤ ከሰው ቤት በጸዳ ቤት ውስጥ፣ በንጹሕ ውሃና በተመረመረ መኖ የሚያድጉ ናቸው። የእሷ ሥራ የበሽተኛው ደም አሳማውን እንዴት እንደሚቀበለው አስቀድሞ ማየት ነው።

እትዬ ልኬ ድካማቸውን ረሱት። ነገር የመጠየቅ አባዜ አለባቸው፤ ጨርቅ ሲገዙ እንኳ ነጋዴው እስኪሰለች የክሩን ዘር ነው የሚጠይቁት። በግ ጠፍቶ ነው ወይ አሳማ የሚያዘው፣ በግ ቢሆን ማንም አይጸየፍ አሏት። በግ የሚወልደው አንድ ወይ ሁለት ነው፣ አሳማ ግን ብዙ ይወልዳል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ኩላሊቱም በመጠን ከሰው ጋር ይቀራረባል አለቻቸው። በመጠን የሚል ቃል ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሱ የሚገባቸው ነገር ነው። ቢሆንም አልተሸነፉም።

"አሳማ ቤቴ ደጃፍ አይደርስም ብዬ የኖርኩ ሴት፣ ሆዴ ውስጥ ላስገባው? ደሞ ከዚያ በኋላ ጭቃ ባየሁ ቁጥር ልንከባለል ቢያምረኝስ?"

"የላም ወተት ስንት ዓመት ጠጡ፣ አክስቴ?"

"ከተወለድኩ ጀምሮ።"

"ሣር አምሮዎት ያውቃል?"

እትዬ ልኬ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ ግን ፊታቸው ተመለሰ፤ ቀልዱ ቀልድ ነው፣ ርኩስ ተብሎ የተነገረው ነገር ደግሞ ቀልድ አይደለም አሉ። ልጅቷም በዚህ አልቀለደችም። "በድሮ ጊዜ ትንሿ እማ የምትወጋው ዓይነት የስኳር መድኃኒት ከአሳማ ቆሽት ይወጣ ነበር፤ ስንት ጸሎተኛ ሰው በእሱ ኖሯል። ግን በሃይማኖት ነገር እኔ ልፈርድ አልችልም። የሃይማኖት አባትዎን ይጠይቁ። እኔ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፤ ደምዎን እንድናየው ይፍቀዱልን።"

ይሄኔ ነው እትዬ ልኬ ስንት ጊዜ የዋጡት ነገር ያመለጣቸው። አንገታቸውን ደፍተው የቀሚሳቸውን ጫፍ እያሻሹ፣ "ምን ያደርጋል ልጄ። የአብራኬን ክፋይ እንቢ ያለ ደም፣ የአሳማን ምን ብሎ እሺ ይላል?" አሏት።

ልጅቷ ዞራ አየቻቸው። ይህን ማን እንዳላቸው ጠየቀች፤ ነገሯት። ሣጥኑን ከጉልበቷ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"ሐኪሙ የነገረዎት እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ነው የነገረዎት" አለች። "በደማችን ውስጥ ዘበኞች አሉ። እኛ አንቲቦዲ እንላቸዋለን። ሥራቸው የማያውቁትን እንግዳ ሲያዩ እንደ ጭጎጎት ሄዶ መጣበቅ ነው። ከተጣበቁበት በኋላ የቀረው የሰውነት ኃይል መጥቶ ያጠፋዋል። እንግዲህ ልጅ ግማሹ የእናቱ ነው፣ ግማሹ የአባቱ። ማህፀን ውስጥ እያለ ከደሙ ጠብ ጠብ እያለ ወደ እናቱ ይሻገራል። የእናትየዋ ዘበኞች የአባትየውን ወገን አይተው 'ይህን መልክ አናውቀውም' ብለው ይይዙታል። አይረሱትም። በሌላው በሽተኛ ላይ የማናየውን ያህል ዘበኛ እርስዎ ላይ የምናየው አራት ጊዜ ስለተሸከሙ ነው። ደምዎ ልጆችዎን ጠልቶ አይደለም፣ አክስቴ። መልካቸውን ያወቀው ወልደዋቸው ነው።"

በደረጃው ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል። ነርሶች ሰላም እያሉ ያልፋሉ። እትዬ ልኬም "እንዲህ ብሎ አንድ ሰው እንዴት አይነግረኝም" አሉና በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንድ የቸኮለ ቃል አንዲትን እናት ስንት ጊዜ ሲያሳቅቃት እንደኖረ። የተማረ ሰው እውነቱን ሲናገር እስከ ጫፉ መናገር አለበት። ግማሽ እውነት ግማሽ እንደተሰፋ ልብስ ነው፤ ብርድም አያስጥል፣ ገመናም አይሸፍን።

ሸክሙ ሲወርድላቸው ጥያቄያቸው ተመለሰ። ዘበኞቹ ያዩትን ብቻ የሚይዙ ከሆነ አሳማን የት ያውቁታል አሉ። ልጅቷ፣ ጥያቄያቸው የሥራዋን እምብርት እንደነካ ነገረቻቸው። ተራውን አሳማ የማንም ሰው ደም ይዋጋዋል፣ የሷም ጭምር፤ የአሳማ ሴል ላይ ያለ አንድ ዓይነት ስኳር አንጀታችን ውስጥ ከሚኖሩ ጀርሞች ጋር ስለሚመሳሰል ዘበኞቹ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ይጠሉታል። ለዚህ ነው ያን ስኳርና መሰሎቹን የማያበቅሉ አሳማዎች እንዲወለዱ የተደረገው። ይህ ለብዙ ሰው ይበቃል። ግን ብዙ የወለዱ ወይም ብዙ ደም የተሰጣቸው ሰዎች ዘበኞች አንዳንዴ የአንዱን አሳማ መልክ ከሚያውቁት የሰው መልክ ጋር ያምታቱታል። ማን ላይ እንደሚሆን በግምት አይታወቅም፤ መታየት አለበት።

"በምን ይታያል?"

ደሙ ቆሞ ሲረጋ ላዩ ላይ ቢጫ ውሃ ይቀራል፣ ዘበኞቹ እዚያ ውስጥ ናቸው አለች። ያን ውሃ ከአሳማው ሴል ጋር ትቀላቅለዋለች። ትጠብቃለች። ታጥባለች። የተጣበቀ ይቀራል፣ ያልተጣበቀ ይሄዳል። ግን የቀረው በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ የሰው ዘበኛ ላይ ብቻ የሚጣበቅ፣ ብርሃን ሲነካው የሚያበራ ነገር ትጨምርበታለች። እንደገና ታጥባለች። ከዚያ ሴሎቹ በአንዲት ቀጭን መንገድ በመስመር እየተራመዱ በብርሃን ፊት ያልፋሉ፤ ማሽኑ የሚያበሩትን ይቆጥራል። ብዙ ካበራ፣ ያ አሳማ ለዚያ ሰው አይሆንም። ከጨለመ ደስ ይላል።

"መታጠቡ ግን ለምን በዛ?" አሉ እትዬ ልኬ። ወዲያው ራሳቸው መለሱት። "ገባኝ። ጨርቅ ላይ የተንጠለጠለ ክር ሁሉ የተሰፋ አይደለም። ጎትተሽ ነው የምታውቂው።"

"እንዴት አድርገው ገለጹት" አለች ልጅቷ። "መታጠቡ መጎተት ነው።"

ደምዎን ይስጡ ማለት ኩላሊቱን ይቀበሉ ማለት እንዳልሆነ ጨምራ ነገረቻቸው፤ ለክቶ አለመቁረጥ ይቻላል፣ ሳይለኩ መቁረጥ ነው የማይቻለው አለች። የራሳቸውን የሙያ ነገር ስትመልስባቸው መከራከሪያ አጡ። የሃይማኖት አባታቸውንም ሄደው ጠየቁ። የሃይማኖት አባቱም ብዙ አሰቡና "ወደ አፍሽ የማታስገቢው ተነግሮሻል፤ ሕይወት ሲሰጥሽ እንቢ በይ ግን አልተባልሽም" ብለው ሸኟቸው። በቃ፣ ቀን ተያዘ።

ቀኑ ሲደርስ ግን እትዬ ልኬ ከአልጋቸው አልነሣ አሉ። እጥበቱ አድክሟቸዋል፤ ክንዳቸው በመርፌ ብዛት ጠቁሯል። እውነተኛው ነገር ግን ፍርሃት ነበር። ልጆቼን እንቢ ያለ ደም ይሄኛውንም እንቢ ቢል የመጨረሻው በር ተዘጋ ማለት አይደል? ይህን አላወሩም። ያወሩት ስለ ክንዳቸው ነው።

ትንሿ እማ ፍም እንደነካው ሰው ብድግ አለች። "እታለም፣ አንቺ ተኚ። እኔ ልሂድልሽ።"

"የት?"

"ደሙን ልስጥልሽ። ያንቺ በማሽን ሲታጠብ ከርሞ ቀለሙም ለቋል። ከአንድ ማህፀን ነው የወጣነው፣ የሁለታችንም የደም ዓይነት ኦ ነው፣ ምን ይለያየዋል? የኔ ትንሽ ቢጣፍጥ እንጂ ጉድለት የለበትም።"

እትዬ ልኬ ልክ እንዳልሆነ ልባቸው ነግሯቸዋል። ግን የእህታቸውን ፊት አዩ። ይቺ ሴት ውሃ ቀድታላቸዋለች፣ ልጅ አዝላላቸዋለች፣ ኩላሊቷን ልትሰጥ ሄዳ ከበር ተመልሳለች፤ አሁን የምትሰጠው ነገር ተገኝቶ ዓይኗ በርቷል። ደግሞም እሷ ከሄደች እንቢታውን እሳቸው አይሰሙትም። ዝም አሉ። ትንሿ እማ የእህቷን ሻርፕ ተከናንባ ሄደች። ደም የሚቀዳው ነርስ ለቦታው አዲስ ነው፤ የእትዬ ልኬን ስም ሲጠራ "አቤት" አለችና ክንዷን ዘረጋች። ጥጥ እንደታሰረባት፣ ገበያ ቀንቷት እንደመጣች ሴት ደስ ብሏት ተመለሰች።

አትሳቁባቸው። የጎረቤትን ክኒን "ያንቺም ራስ ምታት ነው፣ የኔም ራስ ምታት ነው" ብሎ ያልዋጠ ማን አለ? ፍቅር እውቀት ሲጎድለው እንዲህ ነው፤ በር ሲከፍት ግድግዳ ያፈርሳል።

ጥቂት ቀናት አለፉ። ልጅቷ ሳይጠሯት ቤት መጣች። እትዬ ልኬ መኪናቸው ላይ ናቸው፤ ትንሿ እማ የተሰፋውን ትተኩሳለች፤ ክፍሉ በእንፋሎትና በአዲስ ጨርቅ ሽታ ሞልቷል። ወንበር ሰጧት፣ ሻይ አቀረቡላት፤ አልነካችውም። ውጤቱ ደርሷል አለች። ደሙ በተመረጠው አሳማ ሴል ላይ ምንም አላበራም።

ትንሿ እማ ካውያውን እንደያዘች እልል ልትል ነበር፤ የልጅቷ ፊት ግን አፏን መለሰው።

ልጅቷ ቀጠለች። ላቦራቶሪ ውስጥ ሰው ሁሉ ተደስቷል፣ ሐኪሙም የቀዶ ጥገናውን ቀን ሊይዝ ነው። እሷ ብቻ ልቧ አላረፈም። ምክንያቱም ከአሳማው ጎን ያንኑ ደም በልዩ ልዩ ሰዎች ሴልም ሞክራው ነበር። ከዚህ በፊት፣ ልጆቹ ኩላሊት ሊሰጡ በተመረመሩ ጊዜ፣ የእትዬ ልኬ ደም በሰው ሴል ላይ ሲያበራ እንደ ከተማ መብራት ነበር። አሁን ጨለማ። መጀመሪያ የጠረጠረችው የራሷን እጅ ነው፣ የሆነ ቦታ ተሳስቼ ይሆናል ብላ እንደገና ሠራችው። ያው ሆነ። ተራ አሳማ ላይ ሞከረችው፤ እዚያ ላይ አበራ። ስለዚህ ማሽኑም፣ እጇም፣ መድኃኒቱም ደህና ናቸው። ዘበኞች ደግሞ እንዲህ በአንዴ አይረሱም።

"ስለዚህ አክስቴ" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ "ይህ ደም ልጅ ተሸክሞ አያውቅም።"

የእትዬ ልኬ እግር ከመርገጫው ላይ ቆመ። ካውያው ከተቀመጠበት የጨርቁ ሽታ መለወጥ ጀመረና ትንሿ እማ ቀስ ብላ አነሣችው።

"ይሄንንም ያያል እንዴ መሣሪያችሁ?" አለች። "ሰው ሁሉ ረስቶልኝ ነበር። ደም ግን አልረሳልኝም።" አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "አዝዬ ያሳደግኳቸውስ? እሱ የትም አይገባም?"

ልጅቷ ያንን የሚቆጥር ማሽን የላትም። የመለሱት እትዬ ልኬ ናቸው፤ ተነሥተው እህታቸው አጠገብ ተቀመጡ።

"ደም የማያውቀው ስንት ነገር አለ፣ እህቴ" አሉ። "የኔ ደም ልጆቼን ያውቃቸዋል፤ አውቋቸው ግን ምን ጠቀማቸው? ያሳደገቻቸው ያንቺ ጀርባ ናት።"

ትንሿ እማ ወደ ልጅቷ ዞረች። "ምን ልትሆን ነበር? ንገሪኝ። አታለስልሺው።"

ልጅቷም አላለሰለሰችውም። ኩላሊቱ ለዚህ ደም ተመርጦ እዚያኛው ሰውነት ውስጥ ቢተከል፣ ደም ወደ ውስጡ እንደገባ ዘበኞቹ ይሰፍሩበት ነበር። ሐኪሞቹ ቁስሉን ሳይሰፉ በዓይናቸው ፊት ይጠቁር ነበር። አክስቴንም ይዟቸው ሊሄድ ይችል ነበር አለች።

"እኔ ልገድልሽ ነበር" አለች ትንሿ እማ።

"አንቺ አይደለሽም። አንቺ የሄድሽው ሳታውቂ ነው፤ እኔ ዝም ያልኩት እያወቅሁ ነው" አሉ እትዬ ልኬ። ለወንድማቸው ልጅም ፍርሃታቸውን ሳይደብቁ ነገሯት። "እንቢ መባል ሰልችቶኝ ነው፣ ልጄ።"

"ይገባኛል" አለች ልጅቷ። "ግን አክስቴ፣ የብልቃጥ እንቢታ እኮ ደግ ነው። ብልቃጥ ውስጥ እንቢ ካለ እርስዎ ቤትዎ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነው። ሌላ እንፈልጋለን። ሰውነትዎ ውስጥ እንቢ ካለ ግን የምንፈልግበት ጊዜ የለም።"

እትዬ ልኬ ይህን ሲሰሙ ብዙ አሰቡ። እስከዚያ ቀን ድረስ ምርመራ ለእሳቸው ፍርድ ነበር፤ ሌላ ሰው ቆሞ ሆነሽ አልሆንሽም የሚልበት። አሁን ግን ነገሩ ገረማቸው። አንዲት ማንኪያ የማትሞላ ቢጫ ውሃ፣ የማንን ስም ይዛ እንደሄደች ሳትሰማ፣ ከየትኛዋ እህት እንደመጣች ተናገረች። እንዲህ ያለ ነገር ቢዋሹት የሚጎዳው ዋሾውን ነው። ለዚህ ለብቻው ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ፤ የፈጠረውን ነገር እንዲህ አድርጎ መልክ በመልክ የሠራ እሱ ነውና።

በማግስቱ ራሳቸው ሄዱ። ትንሿ እማ አጠገባቸው ቆማ ትከሻቸውን ይዛለች። ነርሱ በዚህ ጊዜ ስም ጠርቶ "አቤት" እስኪሉት አልጠበቀም፤ "ስምዎን እርስዎ ይንገሩኝ፣ የተወለዱበትንም" አለ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ክፍል ማንም ሰው እንዲሁ ነው የሚጠየቀው። ደም ሲቀዳም እትዬ ልኬ የተጠየቁትን ሁሉ መለሱ፤ የወለዷቸውን ብቻ ሳይሆን ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ልጅ መሀል የወረደባቸውን ጽንስም ነገሩ፣ ያኔ ደም እንደተሰጣቸውም ነገሩ። ይህን እህታቸው እንኳ አታውቅም ነበር።

ውጤቱ መጣ። ያ የመጀመሪያው አሳማ፣ ሰው ሁሉ የተደሰተበት፣ በእሳቸው ደም እንደ ከተማ መብራት አበራ። ልጅቷ አልደነገጠችም፤ ከዚያው ግቢ የሌሎች አሳማዎችን ደም እያስመጣች ሞከረች። አንዱ ቀለል ብሎ አበራ፣ አልወደደችውም። በመጨረሻ የአንዲቱን ሴት አሳማ ሴል የእትዬ ልኬ ዘበኞች፣ መንገደኛ መንገደኛን እንደሚያልፍ፣ ዞር ብለው ሳያዩ አለፉት። ደጋግማ አጠበች፣ ደጋግማ አየች። ጨለማ ነው። በዚህ ዓለም ላይ ጨለማ አይታ እንደዚያ የፈነደቀች ሰው ያለች አይመስለኝም።

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ልጆቹ በኮሪደሩ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረው ሳሉ ሐኪሙ ወጥቶ "ሽንት ጀምረዋል" አላቸው። ለዚህች ቃል አራት ትልልቅ ሰዎች ተቃቅፈው አለቀሱ። ትንሿ እማ አልጋው አጠገብ የተሰቀለችውን ከረጢት እያየች፣ እንዲህ የሚያምር ነገር ዓይቼ አላውቅም አለች።

ኩላሊቷ ስንት ዘመን ትቆያለች ብለው እትዬ ልኬ ሲጠይቁ ሐኪሙ "አላውቅም" አላቸው። ይህን መልስ ወደዱት። የሚያውቀውን ሁሉ የነገራቸው ሰው የማያውቀውንም ነገራቸው ማለት ነው። እስካሁን ትሠራለች። የወንድማቸው ልጅ ደማቸውን በየጊዜው እያስቀዳች አዲስ ዘበኛ ተነሥቶ እንደሆነ ታያለች፤ ከተነሣ ኩላሊቷ ሳትጎዳ መድኃኒቱ ይስተካከላል። ወደ እጥበት አይሄዱም። ቀኑን ሙሉ ይሰፋሉ፣ እንዳሻቸው ውሃ ይጠጣሉ፤ ለኩላሊት በሽተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በእጥበት ክፍል የሚያውቋቸው እናቶችም እየመጡ ይጠይቋቸዋል፤ "ልጆቼን ደሜ ጠላቸው" ብለው የሚሳቀቁ ስንት እንደነበሩ ያን ጊዜ ነው የታወቀው። እትዬ ልኬ ወንበር ሰጥተው፣ ነገሩን ከሥሩ፣ እስከ ጫፉ ይነግሯቸዋል። ጭቃ አያምርዎትም ወይ ብለው የሚቀልዱባቸው አሉ። እሳቸውም፣ እስካሁን ያማረኝ የጎረቤቴ አዲስ መጋረጃ ብቻ ነው ይላሉ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለምርመራ ደም ስትጠየቁ የራሳችሁን ክንድ ዘርጉ፤ የወለዳችሁትንም፣ የወረደባችሁንም፣ የተሰጣችሁንም ደም ለሚጠይቃችሁ ሰው ሳትደብቁ ንገሩ።